ሩዶልፍ ዲዝል፤ በጥቂት ነዳጅ ብዙ ሥራ ለማግኘት የደከመ ሰው

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ እንኳ ቢሆን፣ ናፍጣ የሚለውን ቃል ያውቃል። ጀንፈሉንና የታጠበውን ቡና ጭኖ በቦንጋና በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው የጭነት መኪና የሚጠጣው ናፍጣ ነው። በገበያ ቀን ከሩቅ ሲንኳኳ የሚሰማው የእህል ወፍጮ፣ እሸት ቡናውን የሚፈለፍለው ሞተር፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ጨለማውን የሚያበራው ጄኔሬተር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዚሁ ነው። ነገር ግን ይህን ሞተር አስቦ የሠራው ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ከመካከላችን መልስ የሚሰጥ ጥቂት ነው። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ አላውቅም ነበር።

የዚህን ሰው ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሳይንስ ክበባችን የተደረገ ትንሽ ውድድር ነው። በሁለት ቡድን ተከፍለን እያንዳንዱ ቡድን ከአሮጌ ባጃጅ በተፈታ ሞተር አንዲት ባለ ሦስት ጎማ መኪና እንዲሠራ ታዘዝን። ለእያንዳንዱም አንድ የውሃ ብርጭቆ ቤንዚን ተለክቶ ይሰጠዋል፤ በዚያች ቤንዚን የእግር ኳሱን ሜዳ ብዙ ጊዜ የዞረ ቡድን ያሸንፋል ተባለ። የእኛ ቡድን ወዲያው ብረት ወደ መቁረጥና ወደ መበየድ ሮጠ። ሌሎቹ ግን ወር ሙሉ ሲመዝኑ፣ ሲለኩና ሲያሰሉ ሰነበቱ፤ እኛም ሳቅንባቸው። በውድድሩ ቀን ለማንሣት አራት ሰው የምትፈልገው መኪናችን 11 ጊዜ ዞራ ቆመች። የቀርከሃና የብስክሌት ጎማ የያዘችው የእነርሱ መኪና 19 ጊዜ ዞረች። የፊዚክስ መምህራችን አልተቈጡንም፤ ነገር ግን ለቅጣት ያህል የሩዶልፍ ዲዝልን የሕይወት ታሪክ አንብበን እንድንጽፍ አዘዙን። ቅጣቱም ወደ ደስታ ስለ ተለወጠ፣ እነሆ፣ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ለአንባብያን አቀርበዋለሁ።

ሩዶልፍ ዲዝል የተወለደው በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ ማርች 18 ቀን 1858 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዘመኑ በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት ነበረ። ወላጆቹ ከጀርመን አገር፣ ከባቫሪያ የመጡ ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ሲሆን ሀብታም አልነበረም። ልጁ ሩዶልፍ የአባቱን የእጅ ሥራ በጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ጊዜ ባገኘ ቁጥር ግን በከተማው ወደሚገኘው የእጅ ጥበብ ሙዚየም እየሄደ በዚያ የቆሙትን ማሽኖች ያይ፣ በወረቀትም ይነድፋቸው ነበር። በዚያ ሙዚየም ከሚታዩት አንዱ፣ ኩኞ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1770 ዓ.ም. ገደማ የሠራው፣ በእንፋሎት የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ሠረገላ ነው።

ሩዶልፍ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1870 ዓ.ም. በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ጦርነት ተነሣ። በፓሪስ የሚኖሩ ጀርመኖች ሁሉ ከተማውን ለቀው እንዲወጡ ስለ ታዘዘ፣ የዲዝል ቤተ ሰብ ያለውን ትቶ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ለንደን ተሰደደ። በዚያም ኑሮ ስለ ከበደ ወላጆቹ ሩዶልፍን ብቻውን ወደ አባቶቹ አገር፣ ወደ አውግስቡርግ ከተማ ላኩት። በዚያ ከተማ የሒሳብ መምህር የሆነ ዘመዳቸው ነበረ። ሕፃኑ በጦርነት በታወከ መንገድ ብቻውን ተጉዞ ከመምህሩ ቤት ገባ። ከዘመድ ቤት ተጠግቶ የተማረ ተማሪ በእኛም መካከል ብዙ ነውና ኑሮው ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም።

በአውግስቡርግ በትምህርቱ እጅግ በረታ። ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን መቍረጡን ለወላጆቹ ጻፈላቸው። በዚያም ትምህርት ቤት ካያቸው መሣሪያዎች አንዱ በልቡ ውስጥ እንደ ቀረ ይነገራል። መሣሪያው ጠባብ የመስተዋት ቱቦ ሲሆን፣ በውስጡ የሚገባ ዘንግ አለው። ቶሎ ብሎ የሚነድ ነገር ከቱቦው ሥር አኑሮ ዘንጉን በኃይል ወደ ውስጥ የገፉት እንደ ሆነ፣ አየሩ ታምቆ ስለሚግል ያለ ክብሪት እሳት ይነሣል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በ1875 ዓ.ም. የትምህርት መርጃ ገንዘብ ተሰጥቶት በሙኒክ ከተማ ከሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። አባቱ ልጁ ቶሎ ሥራ ይዞ ቤቱን እንዲረዳ ይፈልግ ነበርና ይህን ገንዘብ ባያገኝ ኖሮ ትምህርቱ በዚያ በቆመ ነበር። በሙኒክ ከመምህራኑ አንዱ፣ የበረዶ መሥሪያ ማሽንን ያሻሻለው የታወቀው ሊቅ ካርል ፎን ሊንዴ ነበረ። በ1878 ዓ.ም. አንድ ቀን ሊንዴ ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምር፣ በዘመኑ ከነበሩት ጥሩ ከሚባሉት የእንፋሎት ሞተሮች እንኳ፣ በከሰሉ ውስጥ ካለው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከ6 እስከ 10 በመቶ ብቻ መሆኑን ገለጠ።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በአገራችን ምሳሌ እንመልከተው። አንዲት እናት ከጫካ 10 ሸክም እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ብታመጣ፣ ወጡን የሚያበስለው አንዱ ሸክም ብቻ ሆኖ፣ 9ኙ ሸክም ሰማይን ለማሞቅ በከንቱ ይነዳል እንደ ማለት ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ቁጥሩን ጽፈው አለፉ። ሩዶልፍ ግን ደነገጠ። የጠፋው ሙቀት ወዴት እንደሄደ፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ ይኖር እንደ ሆነ መመርመር እንደሚገባው በደብተሩ ጠርዝ ላይ ለራሱ ማስታወሻ ጻፈ። ያን ጊዜ 20 ዓመቱ ነበረ። ከዚያች የደብተር ጠርዝ እስከ ተሠራ ሞተር ድረስ 19 ዓመት ፈጀበት።

በ1879 ዓ.ም. የመጨረሻው ፈተና በደረሰ ጊዜ በታይፎይድ በሽታ ስለ ታመመ ሳይፈተን ቀረ። ፈተናው እስኪመለስ ድረስ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ወደ ስዊስ አገር ሄዶ በቪንተርቱር በሚገኘው በሱልዘር ፋብሪካ ተግባረ እድ ተለማመደ። በጃንዋሪ 1880 ዓ.ም. ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕርግ አለፈ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ሊንዴ ወደ ፓሪስ ላከውና በበረዶ መሥሪያ ፋብሪካ ሥራ ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ የፋብሪካው ኃላፊ ሆነ። በ1883 ዓ.ም. ማርታ ፍላሸ የምትባል ሴት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ።

ቀን ቀን የበረዶ ማሽን ሥራውን ያካሂዳል፤ በትርፍ ሰዓቱ ግን ያቺን የደብተር ማስታወሻ አልረሳም። በመጀመሪያ በውሃ እንፋሎት ፈንታ በአሞንያ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ለመፍጠር ብዙ ዓመት ደከመ፤ አልተሳካም። ድካሙ ግን ከንቱ አልነበረም፤ ስለ ብርቱ ግፊትና ስለ ሙቀት ያወቀው ከዚህ ሥራ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ በርሊን ተዛወረ። በዚያም አሳቡ ጠራለት፤ የሚያስፈልገው ውሃም አሞንያም ሳይሆን በአካባቢያችን ያለው ተራ አየር መሆኑን ተረዳ።

አሳቡ እንዲህ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ቤንዚኑና አየሩ ተቀላቅለው ይገባሉ፣ ይታመቃሉ፣ ከዚያም ካንዴላ በሚሰጠው የእሳት ብልጭታ ይቀጣጠላሉ። ቅልቅሉ ከመጠን በላይ የታመቀ እንደ ሆነ ጊዜው ሳይደርስ በራሱ እየተቀጣጠለ ሞተሩን ስለሚጎዳ፣ እመቃው ከተወሰነ ልክ ማለፍ አይችልም። ዲዝል ግን አየሩን ለብቻው አስገብቶ በኃይል ማመቅ፣ አየሩም እስኪግል ድረስ ከታመቀ በኋላ ነዳጁን በመጨረሻዋ ቅጽበት መርጨት እንደሚቻል አሰበ። ነዳጁ የጋለውን አየር እንዳገኘ ያለ ካንዴላ ይቀጣጠላል። እመቃው በበረታ መጠን የተቃጠለው ጋዝ ተለጥጦ ፒስቶኑን የሚገፋበት መጠን ስለሚበዛ፣ በጭስ ማውጫው በከንቱ የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር ቁጠባ ምሥጢሩ በአብዛኛው ይህ ነው።

ዲዝል ለዚህ አሳቡ በ1892 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ጠይቆ በ1893 ዓ.ም. ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት አሳቡን የሚገልጥ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም ውስጥ ከነዳጁ ሙቀት ከ70 በመቶ የሚበልጠው ወደ ሥራ ሊለወጥ እንደሚችል በሒሳብ አስልቶ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት አመሰገኑት፤ ብዙዎች ግን እንዲህ ያለውን ግፊት የሚችል ብረት የለም ብለው ነቀፉት። ዲዝል የራሱ ፋብሪካ ስላልነበረው ለሞተሩ ሠሪ መፈለግ ነበረበት። በመጨረሻ የአውግስቡርግ የማሽን ፋብሪካ ኃላፊ ሃይንሪኽ ቡስ ፈቀደለት፤ ትልቁ የብረት ኩባንያ ክሩፕም ወጪውን ተካፈለ።

የመጀመሪያው ሞተር 3 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ብረት ነበረ። ኦገስት 10 ቀን 1893 ዓ.ም. በፋብሪካው ቀበቶ እየተዞረ ነዳጅ ሲረጭበት በእውነት ተቀጣጠለ። ነገር ግን ግፊቱ ወደ 80 እጥፍ የአየር ግፊት ስለ ደረሰ መለኪያው ፈንድቶ ስብርባሪው በዲዝልና በሠራተኞቹ ራስ አጠገብ አለፈ። ሞተሩ በራሱ ኃይል አንዲት ጊዜ እንኳ አልዞረም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አፍሮ ይተወው ነበር። ዲዝል ግን ከፍንዳታው የወሰደው ዋናው ነገር አሳቡ እውነት መሆኑን ነው፤ በታመቀ አየር ብቻ ነዳጅ ሊቀጣጠል እንደሚችል በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ እየፈታ፣ እየለወጠ፣ እንደ ገና እየገጠመ ሠራ። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ዓ.ም. ሞተሩ እንደ ወትሮው በፋብሪካው ቀበቶ ሲዞር ሳለ፣ ከአጠገቡ የቆመው ሠራተኛ ቀበቶው ሲላላና ሲወጠር አየ። በዚህም ቀበቶው ሞተሩን ማዞሩ ቀርቶ ሞተሩ ቀበቶውን መጐተት እንደ ጀመረ ገባው። ሠራተኛው አንዲት ቃል ሳይናገር ባርኔጣውን አነሣ። ዲዝልም ነገሩን ያወቀው ከዚያ ነው። ሞተሩ በራሱ ኃይል የሠራው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር፤ ለዚያች አንዲት ደቂቃ ግን 16 ዓመት ተጠብቋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዲዝል በመጽሐፉ ካሰላው ብዙው በሥራ ሲፈተን አልሆነም። ያሰበው ግፊት እጅግ ብዙ ስለ ነበር መቀነስ ግድ ሆነበት፤ ነዳጁ እንዲቃጠል ያቀደበትም መንገድ ተለወጠ። እርሱ ግን ሒሳቡን ለማዳን ሲል የመለኪያውን ቁጥር አልደበቀም፤ ቁጥሩን አይቶ ሒሳቡን አረመ። የእኛ ቡድን ሳያሰላ ብረት ቆረጠ፤ ዲዝል ግን አስቀድሞ አሰላ፣ ሠራ፣ ለካ፣ እንደ ገና አሰላ።

በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ዓ.ም.፣ የአድዋ ድል አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሞሪትስ ሽሬተር የተባለ የሙኒክ ፕሮፌሰር አዲሱን ሞተር በይፋ መረመረ። ሞተሩ ወደ 18 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ያቃጠለው ላምባ 238 ግራም ያህል ብቻ ነበረ። ተሰልቶ ሲታይ ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶው ወደ ሥራ ተለውጧል። በመጽሐፉ ከተመኘው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በሊንዴ ክፍል ከሰማው ከ6 እስከ 10 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቆጣቢ ሞተር ከዚያ በፊት አልታየም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዲዝል ስም በዓለም ተሰማ። ከልዩ ልዩ አገሮች ባለ ፋብሪካዎች መጥተው የሞተሩን መብት ገዙት፤ በጥቂት ጊዜም ባለ ሚሊዮን ሆነ። በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የዓለም ትርኢት ሞተሩ ታላቁን ሽልማት አገኘ። በዚያው ትርኢት አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራው የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ። ዲዝልም ይህን ነገር ከልቡ ያዘው፤ ነዳጅ ከምድር የማያወጡ የእርሻ አገሮች አንድ ቀን ከራሳቸው እህል ዘይት ኃይል ሊያገኙ እንደሚችሉ ያስብ ነበር። ሞተሩም በትልልቅ ባለ ሀብቶች እጅ ብቻ እንዳይቀር፣ ትንሹ የእጅ ሠራተኛ በቤቱ እንዲጠቀምበት ተመኝቷል። ሠራተኞች በፋብሪካቸው ትርፍ ተካፋይ ስለሚሆኑበት መንገድ በ1903 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉን ግን የሚገዛው ጠፋ።

ይሁን እንጂ ታላቅ አሳብ ያለው ሰው ሁሉ በገንዘብ አያያዝ ብልህ አይደለም። የነዳጅ ጠብታ መቆጠብን ለዓለም ያስተማረው ዲዝል የራሱን ሀብት መቆጠብ አልቻለም። በሙኒክ እጅግ ያጌጠ ቤት ሠራ፤ በመሬትና በነዳጅ ጉድጓድ ንግድ ገንዘቡን አጠፋ። የፈጠራው ባለቤትነት ክርክርና የሥራ ብዛት ጤናውን ጎዱት። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ዓ.ም. ማታ ከቤልጅግ አገር ከአንትወርፕ ወደብ ድሬስደን በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ወደ እንግሊዝ አገር ተነሣ። ከባልንጀሮቹ ጋር ራቱን በልቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በማግስቱ ጠዋት ግን በመርከቢቱ ላይ አልተገኘም። ከቀናት በኋላ አንዲት የሆላንድ ጀልባ በባሕር ላይ ሬሳ አገኘች፤ በኪሱ የተገኙት ዕቃዎች የአባቱ መሆናቸውን ልጁ ኦይገን መሰከረ። ብዙ ዕዳ እንደ ነበረበት ከሞተ በኋላ ታወቀ። እንዴት እንደ ሞተ ግን እስከ ዛሬ በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር የለም። ዕድሜው 55 ዓመት ነበረ። ዓመቱም ዐፄ ምኒልክ ያረፉበት ዓመት ነው።

በዲዝል ዕድሜ ሞተሩ በፋብሪካና በመርከብ ላይ ይሠራ ነበር እንጂ መኪና ላይ ለመግጠም እጅግ ከባድ ነበረ። ሞተሩ ቀልሎና የነዳጁ መርጫ ተሻሽሎ በጭነት መኪና ላይ የታየው ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወደ አገራችን ገባ። አባቶቻችን ኤንትሬ የሚሏት የፊያት መኪና፣ ዛሬም በየመንገዳችን የምናየው አይሱዙ የሚጓዙት በዚያ የተማሪ ማስታወሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የሚቃጠለው የናፍጣ ዋጋ በመጨረሻ የሚቀነሰው ከማንም ሳይሆን ገበሬው ለቡናው ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ሊትር ሩቅ መሄድ ለእኛ አገር የጨዋታ ነገር አይደለም።

ዛሬ የጥሩ የጭነት መኪና ሞተር ከናፍጣው ሙቀት ከ40 በመቶ በላዩን ወደ ሥራ ይለውጣል። ቢሆንም የቀረው አሁንም በጭስ ማውጫና በራዲያተር ይጠፋል፤ የናፍጣ ጭስም ሳንባንና አየርን እንደሚጎዳ ታውቋል። እንግዲህ ዲዝል የጀመረው ሥራ አላለቀም ማለት ነው። በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ በሼል ኩባንያ የሚሠሩ ሊቃውንት በትንሽ ነዳጅ ማን ሩቅ ይሄዳል ብለው እርስ በርሳቸው ተወራረዱ። አሸናፊው በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ ውርርድ የተነሣው ውድድር ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ አገር ተማሪዎች የሚገናኙበት ሆኗል። በዚያ ውድድር በአንድ ሊትር ልክ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄዱ ትንንሽ መኪናዎች ታይተዋል። ይህ የሆነው በሞተሩ ብርታት ብቻ አይደለም። መኪናዎቹ እጅግ ቀላል ናቸው፤ ጠባብ ስለ ሆኑ አየር አይከለክላቸውም፤ ጎማቸው በብርቱ የተነፋ ነው፤ ነጂውም ሞተሩን አጥፍቶ በተገኘው ፍጥነት እየተንሸራተተ መሄድን ያውቃል። የቀርከሃዋ መኪና ያሸነፈችን በእነዚሁ ነገሮች ነበር።

ከሩዶልፍ ዲዝል ሕይወት እኛ ተማሪዎች የምናገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ሌሎች ሰምተው ያለፉትን አንድ ቁጥር እርሱ አላለፈውም። ዛሬም በመምህሮቻችን ቃል ውስጥ፣ በሰሌዳው ላይ ተጽፈው የሚጠፉ ብዙ ቁጥሮች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የማንኛችን የዕድሜ ልክ ሥራ እንደሚሆን አናውቅም። ደግሞም የሙያ ትጋት ያለ ኑሮ ጥንቃቄ ሰውን ለሐዘን እንደሚዳርግ ከፍጻሜው እንማራለን።

የእኛ ቡድን ያንን የብረት መኪና ፈታው። አሁን ብረቱን እየመዘንን፣ ቀርከሃውን እየለካን፣ ሒሳቡን በደብተር እየጻፍን ነው። በሚመጣው ውድድር 20 ጊዜ ለመዞር አስበናል፤ ብንሸነፍ እንኳ ቤንዚናችን ወዴት እንደሄደ አውቀን እንሸነፋለን።